የሰብአዊ መብት ስጋት ግምገማ ከየት ልጀምር ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በማዕድን ድርጅት የማኅበረሰብ ግንኙነት ክፍል ገና መግባትሽ ነው። «የሰብአዊ መብት ስጋት ግምገማ አዘጋጂ፣ ቅጹ ይኸው» ተብለሻል። እኔም በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የሰጡሽ ቅጽ ለእኔ የሰጡኝ ዓይነት መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ትርጉም በመዘርዘር አላደክምሽም።

1. መጀመሪያ ቅጹ የማንን ጉዳት እንደሚለካ እዪ። የእኛው የሚጠይቀው ምርት ስንት ቀን ይቆማል፣ ስንት ገንዘብ ይጠፋል፣ ስማችን ምን ያህል ይጎድፋል የሚለውን ነበር። ይሄ የድርጅቱ ስጋት እንጂ የሰዎቹ አይደለም። የተመድ የሰብአዊ መብት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የተቀበላቸው፣ የተመድ ልዩ ተወካይ የነበረው ጆን ራጊ ያዘጋጃቸው 31 የንግድና የሰብአዊ መብት መርሆዎች የሚጠይቁት ሌላ ነው። ጉዳቱ ምን ያህል የከፋ ነው? ስንት ሰው ይነካል? ከደረሰ በኋላ ሊጠገን ይችላል ወይ? ሁሉንም በአንዴ መሥራት ካልተቻለ የሚቀድመው ከባዱና የማይመለሰው ነው።

«የመከሰት ዕድሉ ትንሽ ነው» ብለው ከዝርዝሩ ሥር ሊያወርዱት ሲሞክሩ ብሩማዲኞን አንሺባቸው። እ.ኤ.አ. ጥር 2019 ብራዚል ውስጥ የቫሌ ማዕድን ድርጅት የዝቃጭ ግድብ (የማዕድን ቆሻሻ ጭቃ የሚጠራቀምበት) ተደርምሶ 270 ሰው ሞተ። የሠራተኞቹ መመገቢያና ቢሮዎች የነበሩት ከግድቡ በታች ነው። ለዚያ ሰዓት የዕድል ስሌት ምን ያደርጋል?

እኛ ቅጽ ላይ መንገድ መዘጋት በቀይ፣ ማለትም ከባድ ስጋት ተብሎ፣ ተቀብቶ ነበር። የጥበቃ ሠራተኞች ሴቶችን ማዋከባቸው ደግሞ በአረንጓዴ፣ ቀላል ተብሎ። ምክንያቱም ምርት አያስቆምም።

2. የቅሬታ ሳጥን ባዶ ሆኖ ስታዪ ሰላም ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የእኛ ሳጥን የተሰቀለው ዋናው በር ላይ ነበር። በሩን የሚጠብቁት ደግሞ እነዚያው ጥበቃዎች ናቸው። በጥበቃ የተደፈረች ወይም የተመታች ሴት ቅሬታዋን ለማስገባት በዚያው ሰውዬ ፊት ማለፍ ነበረባት። አማካሪ ተብሎ በብዙ ገንዘብ የመጣው ቡድን ሳጥኑን ከፍቶ አየ፣ ባዶ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ከጥበቃ ጋር የተያያዘ ቅሬታ አልተመዘገበም» ብሎ ጻፈ። ያነጋገረው ድርጅቱ የመረጠለትን ሽማግሌዎች ብቻ ነው፣ ያውም ሥራ አስኪያጁ በተቀመጠበት።

እኔ ግን ሴቶቹን ለብቻቸው አግኝቻቸው ነበር። የሰማሁትን ይዤ ዋናው መሥሪያ ቤት ሕግ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ቁጭ በዪ እንኳ አላለኝም። «በጽሑፍ አቅርበዋል?» አለኝ። የለም፣ ይፈራሉ አልኩት። «እንግዲያው ቅሬታ የለም ማለት ነው። ደግሞ ጥበቃው የተቋራጩ ነው፣ የእኛ ሠራተኛ አይደለም» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ሰው መሆኑን እስክጠራጠር ድረስ ነው የተናደድኩት።

አልተውኩትም። ቅሬታ መቀበያው ከግቢው ውጭ እንዲሆን፣ ተቀባይዋም ሴት እንድትሆን ተከራከርኩ። ስም ሳይጻፍ መቀበል ተጀመረ። ቅሬታው ሲበዛ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ «አንቺ የመጣሽው ችግር ልታበዢ ነው ወይ?» አለ። ችግሩማ ድሮም ነበረ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ሰው ማመን ጀመረ ማለት ነው፤ ይህን ለአለቃሽ ከወዲሁ ንገሪው፣ በኋላ እንዳይደነግጥብሽ።

በመጨረሻ የጥበቃው ውል ተሻሻለ። ያለፈ ታሪኩ ሳይጣራ ሰው አይቀጠርም፤ ኃይል መቼና እንዴት እንደሚጠቀሙ ተጻፈ፤ ክስ ሲመጣ የሚያጣራው ከጥበቃው ድርጅት ውጭ ያለ አካል ሆነ፤ ጥፋት ከተደበቀ ውሉ ይቋረጣል። መነሻ ያደረግኩት እ.ኤ.አ. በ2000 የወጡትን የጸጥታና የሰብአዊ መብት በጎ ፈቃድ መርሆዎች (የማዕድንና የነዳጅ ድርጅቶች ጥበቃ ሲያሰማሩ የሚከተሏቸው) ነው፤ አንቺም ከዚያ ጀምሪ። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ፣ አልደብቅም።

ካሳ ላይም ተጠንቀቂ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ፖርጌራ የወርቅ ማዕድን፣ በጥበቃዎች ለተደፈሩ ሴቶች የካሳ አሠራር ተዘርግቶ ነበር። ነገር ግን ካሳውን ሲቀበሉ ድርጅቱን ላለመክሰስ እንዲፈርሙ መደረጉ ከባድ ወቀሳ አመጣ። የተጎዳች ሴት ስለሚገባት ነገር መጀመሪያ ራሷን ካልጠየቅሽ፣ ካሳው ሌላ በደል ይሆናል።

«ተቋራጩ ነው» ለሚለው መልስ ደግሞ የኤርትራው ቢሻ ማዕድን አለልሽ። ሠራተኞች በተቋራጮች በኩል በግዳጅ ሠርተናል ብለው ኔቭሰን የተባለውን የካናዳ ድርጅት ከሰሱ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በኋላ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ያንን የሕግ ክፍል ኃላፊ ይህን ባስነበብኩት እላለሁ አሁንም።

«ፈቃድ አለን» ሲሉሽም ጁካን ጎርጅን አስታውሺ። ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ድርጅት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2020 አውስትራሊያ ውስጥ ያፈነዳቸው ዋሻዎች የ46,000 ዓመት የሰው ልጅ አሻራ የነበረባቸው፣ ለነባሮቹ ሕዝቦች ቅዱስ ቦታ ነበሩ። በሕግ ፈቃድ ነበረው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ግን ከሥልጣን ለቀቀ፣ ዋሻዎቹም አይመለሱም።

ስጋቶቹን ማን እንደሚከታተል ብዙ አልልም። እያንዳንዱ ስጋት ጎን የኃላፊ ስምና በጀት ይጻፍ። «ሁሉም ክፍሎች» ከተባለ ማንም አይሠራውም።

አሁን ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የጥበቃውን ውል፣ የቅሬታ መዝገቡን፣ የተቋራጮችንና በሥራቸው ያሉትን ንዑስ ተቋራጮች ዝርዝር። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቅጂውንም ያዢ። የጥበቃውን ውል የሚከለክሉሽ ይመስለኛል። ከከለከሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እናረቅቃለን።