አባቴ ዝም አሉ፤ ቫይታሚን ልግዛላቸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። የልብ ድካም አለብዎት ተብለው ኢናላፕሪል፣ ላሲክስና ዲጎክሲን ይወስዳሉ። ሰሞኑን ምግብ ይዘጋቸዋል፣ እንቅልፍ የላቸውም፣ ከሰው ጋር መጫወት ትተዋል። ጎረቤቶች «ቫይታሚን ዲ አንሷቸው ነው፣ መርፌውን አስወጊያቸው» ይሉኛል። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ መርፌው ይቆይ። ቫይታሚን ዲ ሳይለካ በብዛት ሲሰጥ ደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል፤ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ይህ የልብ ምት ያዛባል። በደሴ ብርድ ጋቢ ተከናንበው ቤት የሚውሉ ከሆነ ቫይታሚኑ ቢያንሳቸው አይገርምም። ቫይታሚኑ ድባቴን (የመንፈስ ጭንቀትን) ይከላከላል የሚለው ግን አልተረጋገጠም፦ አሜሪካ ውስጥ 50 ዓመት የሞላቸውና ከዚያም በላይ የሆኑ 18,353 ሰዎች ከ5 ዓመት በላይ ተከታትለው፣ በቀን 2,000 ዩኒት የወሰዱትና ባዶ ኪኒን የወሰዱት ልዩነት አላሳዩም (2020 እ.ኤ.አ.)።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዲጎክሲኑ ነው። ምግብ መዝጋት መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ መብዛቱን ከሚጠቁሙት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው፤ የሚያሸናው ላሲክስ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ሲያጥብ ወይም ኩላሊት ሲደክም ይብሳል። ጠዋት ኪኒኑን ከመስጠትዎ በፊት የእጃቸውን ትርታ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ60 በታች ከሆነ፣ ካስመለሳቸው ወይም ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ከታያቸው የዕለቱን ዲጎክሲን ሳይሰጡ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። «ሙዝ ያብዙላቸው» የሚል ምክርም ሳይመረመሩ አይቀበሉ፤ ሙዝ ፖታሲየም አለው፣ ኢናላፕሪል በበኩሉ ፖታሲየም ያከማቻል።

ምልክቱ ባይኖርም በዚህ ሳምንት ፖታሲየም፣ ኩላሊት፣ የደም ማነስ፣ የብረት ክምችትና ታይሮይድ ይመርመሩ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምሱ ከሆነ ወይም እግራቸውን የሚያደነዝዛቸው ከሆነ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይጨመር። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት እንዳይገባ ስለሚያግድ ከማዕድ 1 ሰዓት ይራቅ። ጨው የሚጨምሩበት ከሆነ ደግሞ ያስቀሩት። በቀን የሚፈቀደው ጨው በጠቅላላው ከ1 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ (5 ግራም) አይበልጥም፤ ብዙ ቤት የሚሳተው ሽሮና በርበሬው ሲዘጋጅ የገባው ጨው ሳይቆጠር ስለሚቀር ነው። ለእሳቸው ያለ ጨው ያስፈጩ። ምግቡን ከፋፍለው በቀን 5 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ያቅርቡ፤ ሆድ ሲሞላ ትንፋሽ ያጥራል።

ስለ መንፈሳቸው በቀጥታ ይጠይቋቸው፦ «አባባ፣ ባለፉት 2 ሳምንታት ከፍቶዎት ሰንብተዋል? ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አልጥምዎት ብሏል?» ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጫት የሚቅሙ ከሆነም አይደብቁ፤ ምግብና እንቅልፍ የሚነሣው፣ የልብ ምት የሚያፈጥነውና ሲለቅ የሚያስከፋው እሱ ሊሆን ይችላል። የምክር ሕክምናና እርምጃ ይረዳሉ፤ በደሴ ዳገት ሲሄዱ ሽቅብ፣ ሲመለሱ ቁልቁል ይሁን፣ እየተራመዱ ማውራት ካቃታቸው ይቁሙ። የድባቴ መድኃኒት ካስፈለገ ሰርትራሊን የሚባለው ለልብ ሕሙማን ደኅንነቱ ተፈትሿል፤ ለእንቅልፍ ተብሎ በቀላሉ የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊን ግን ልባቸው መታመሙን ሳይናገሩ አይግዙ። ሞትን መመኘት ከጀመሩ ብቻቸውን አይተዉዋቸው፣ ቀጠሮም አይጠብቁ።