መልስ፦ ፋይሉ 300 ይላል፣ ማተሚያ ቤቱ ግን አልተቀበለውም

ፎቶሾፕ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) እያለ ማተሚያ ቤቱ «ጥራቱ አይበቃም» ብሎ ለምን መለሰው ላልከው፦ ያቺን ቁጥር ብቻዋን አትመናት። ማንም ጽፎ ሊያስገባት ይችላል። ወሳኙ የፒክስሉ፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት ነው። የምስሉን ወርድ በፒክስል ውሰድና በሚታተምበት ኢንች አካፍለው። 1200 ፒክስል ምስል 8 ኢንች ላይ ከዘረጋህ የሚደርስህ 150 ብቻ ነው። 300 እንዲሆን 2400 ፒክስል ያስፈልግሃል።

ገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይን ላይ ከሆንክ ሊንክስ ፓነል ውስጥ «ኢፌክቲቭ ፒፒአይ» የሚለውን እይ፤ ምስሉ በሚታተምበት መጠን በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንደሚደርሰው ይነግርሃል። ከጎኑ ያለው «አክቹዋል» አያታልልህ፤ እሱ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ትንሿን ምስል በግድ ማሳደግም ብዙ አይረዳም፤ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ብዥታው እዛው ነው። ይልቅ ኦሪጅናሉን ከፎቶ አንሺው ጠይቅ። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልህ፣ አለዚያ ተጨምቆ ነው የሚደርስህ። ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ ባነር ግን 100ም ይበቃል።