ኑግ በሃይላንድ፣ ውኃ በጣባ

በዚህ ዕትም ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከደረሱን ጥያቄዎች ስለ ጓሮ ወፎች የሚጠይቁትን መርጠናል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ጠዋት ጠዋት የተረፈ እንጀራና ስንዴ በቆርቆሮ ላይ እበትናለሁ። የሚመጡት እርግብና ቁራ ብቻ ናቸው፤ ማታ ደግሞ አይጥ። ጭንቅላቷ ጥቁር የሆነ ትንሽ ቢጫ ወፍ ግን ጽዱ ላይ ሆና ከማየት በቀር አትወርድም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንግዳውን የሚመርጠው ምግቡ ነው። መሬት ላይ የተበተነ ትልቅ ፍሬ የእርግብ፣ ፍርፋሪ የቁራ፣ ያደረ ትራፊ የአይጥ ድርሻ ነው። በመጀመሪያ ቆርቆሮውን አንሥተው ለሁለት ሳምንት ምንም አይበትኑ። እርግቦቹ ሌላ ሰፈር ይፈልጋሉ፤ አይጡም የሚለቅመው ሲያጣ ይሄዳል።

ቢጫዋን ወፍ በደንብ ይዩልን። ጭንቅላቷ እስከ አንገቷ ድረስ ጥቁር፣ ምንቃሯም አጭር ከሆነ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትገኘው ጥቁር ራስ ቢጫ ወፍ ናት፤ ያዩትም ወንዱን ነው። አናቷ ቢጫ ሆኖ ጥቁሩ በዓይኗ ዙሪያ ብቻ እንደ ጭምብል ካረፈ ግን ሣር እየጎነጎነች ጎጆ የምትሠራው ሸማኔ ወፍ ናት። ሸማኔዋ ነፍሳት መብላት ስለምታበዛ ለእህል ብዙም አትጓጓም።

ለጥቁር ራስ ቢጫዋ ወፍ የሚስማማው ኑግ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በወፍ ምግብ መደብር በኪሎ የሚሸጠው ጥቁር ፍሬ ይኸው የእኛው ኑግ ነው። ወደ አሜሪካ ሲገባ እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል። እርስዎ ግን ከገበያ ትኩሱን ያገኛሉ። ሲገዙ አንድ ፍሬ በወረቀት ላይ በጥፍርዎ ይጫኑት፤ የዘይት ነጠብጣብ ካልተወ ያረጀ ነው፣ ወፎቹም አይነኩትም።

ኑግ ደቃቅ ስለሆነ በሰሃን ቢያስቀምጡት ንፋስ ይወስደዋል። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አጥበው ውስጡን በደንብ ያድርቁ። ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ቀጭን እንጨት ከጎን ወደ ጎን ያሳልፉ፤ ሁለተኛውን ከዚያ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በመስቀለኛ ያሳልፉት። ከእያንዳንዱ እንጨት ጫፍ በላይ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ በጋለ ቢላ ጫፍ ከላይ ወደ ታች የቆመ ስንጥቅ ያውጡ፦ ስፋቱ ከ2 እስከ 3፣ ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከሰፋ ኑጉ ራሱ ይፈስሳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሌላው ስሕተት ከታችኛው ስንጥቅ በታች የሚቀረው ኑግ ነው። ወፍ ስለማይደርስበት በክረምት ይሻግታል። ስለዚህ ያን ክፍል በጠጠር ይሙሉትና ሥሩን በጋለ መርፌ አራት አምስት ቦታ ይብሱት።

በሽቦ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ከአጥር ወይም ከቁጥቋጦ 3 ሜትር ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ድመት ትዘልበታለች፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ጭልፊት ሲመጣ ወፎቹ መሸሸጊያ ያጣሉ። በአንድ ጊዜ አንድ የሻይ ብርጭቆ ኑግ ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ባይመጣ ቦታውን አይቀያይሩ። ለማየት የሚሻለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ አዲሱ ቤታችን ትልልቅ መስታወት አለው። ወፎች እየተላተሙ ይሞታሉ። የጭልፊት ሥዕል ለጥፈን ነበር፤ አልሠራም።

መልስ፦ አይሠራም። ወፏ ሥዕሉን ሸሽታ ከጎኑ ያለውን መስታወት ትመታለች፤ እሷ የምታየው በመስታወቱ ላይ የወጣውን ሰማይና ዛፍ ነው። በውጭ በኩል መስታወቱን ሙሉ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በነጭ ቀለም ነጥብ ያድርጉበት፤ ከውስጥ ቢያደርጉት ነጸብራቁ ይሸፍነዋል። ምግብ የሚሰቅሉ ከሆነ ከመስታወቱ ከ1 ሜትር አያርቁት፤ እዚያ ቅርብ ሆና የምትነሣ ወፍ የምትጎዳበት ፍጥነት ላይ አትደርስም። የደነዘዘች ወፍ ካገኙ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ጨለማ ቦታ ለአንድ ሰዓት ያቆዩአትና ደጅ ወስደው ይክፈቱላት። ውኃ በአፏ አያንጠባጥቡ፣ ትታነቃለች።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ጅራቷ ረጅም፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ወይን ጠጅ የምታበራ ወፍ አበባ ላይ ትመጣለች። በማር ውኃ ብጠራትስ?

መልስ፦ በማር አይሆንም፤ የተበረዘ ማር ቶሎ ሻጋታ ያፈራል። የግድ ካሉ አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውኃ አሟሙተው ቀለም ሳይጨምሩ ያቅርቡ፤ በየሁለት ቀኑም አጥበው ይቀይሩት። በእኛ አስተያየት ግን የሚሻለው መትከል ነው። ያዩዋት ወንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ የዚህች ወፍ ሳይንሳዊ ስሟ (Nectarinia tacazze) እንኳ ከተከዜ ወንዝ የመጣ ነው። እሬት፣ ኮርች፣ እንዲሁም ብርቱካናማ አበባው በግንዱ ዙሪያ እንደ ኳስ የሚከመረው ራስ ክምር ካለዎት ዕቃ ማጠብ አያስፈልግዎትም። በአበቦቹ ላይ የሚሰበሰቡት ነፍሳትም ለጫጩቶቿ ይሆናሉ።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ዶሮ አረባለሁ። ለወፍ ውኃና እህል ባስቀምጥ ፈንግል ያመጡብኛል?

መልስ፦ ስጋትዎ ልክ ነው። የዱር ወፍና ዶሮ ከአንድ ዕቃ መብላትና መጠጣት የለባቸውም። ዶሮዎችዎን ያስከትቡ፤ የወፎቹንም ዕቃ ዶሮ ከማይደርስበት ጎን ያድርጉት።

እህሉን ቢተዉት እንኳ ውኃውን አይተዉ፤ በበጋ ከእህል ይልቅ ወፍ የሚጠራው እሱ ነው። ሰፊ የሸክላ ጣባ በጉቶ ላይ ያስቀምጡ። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ መካከሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ ያኑሩበት፣ ትንንሾቹ ይቆሙበታል። ውኃውን በየቀኑ ይድፉት፤ ከሳምንት በላይ ከቆየ ትንኝ ይፈለፈልበታል። በሳምንት አንዴ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁት።

እህል ሲገዙ ለዘር የተዘጋጀ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ስንዴ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ መድኃኒት የተለወሰ ነው፣ ለዶሮዎም መርዝ ነው። ለነቀዝ ታብሌት የገባበት እንደሆነም ነጋዴውን ይጠይቁ። ላባዋን ነፍታ የምትቀመጥ፣ እህል ከአፏ የሚወድቅባት ዋኖስ ካዩ ደግሞ ምግቡንም ውኃውንም ለሁለት ሳምንት ያንሡ፤ ሕመሙ የሚተላለፈው በጋራ ዕቃ ነው።