ፀጉሬ እየሳሳ ነው፣ ምን ላድርግ? ከቅባት እስከ ንቅለ ተከላ፦ ጥያቄና መልስ

ፋርማሲስት ነኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት ከቆዳ ክሊኒክ ጎን ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ስለ ፀጉር መነቃቀል ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከአዲስ አበባም፣ ከጅዳም፣ ከዋሽንግተንም ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ የጠያቂዎቹን ስም ትቼ መልሻለሁ። ይህን አንብባችሁ ብቻ መድኃኒት አትግዙ። ራሳችሁን ዳብሶ ያየ ሐኪም ከእኔ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግንባሬ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው። አባቴ መላጣ ነው። የእናቴ አባት ግን እስኪሞት ድረስ ሙሉ ፀጉር ነበረው። በራ የሚወረሰው ከእናት ወገን ነው ይባላል። ታዲያ እኔ ከየት አመጣሁት?

ከሁለቱም ወገን ይወረሳል፣ ወንድሜ። የእናት ወገን የሚባለው መነሻ አለው፤ አንዱ ዋና ዘረ መል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ ወንድ ልጅ የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ግን ብቻውን አይወስንም። ሌሎች ብዙ ዘረ መሎች ከአባትም ከእናትም ይመጣሉ።

ሰውነታችን ቴስቶስተሮንን ዲኤችቲ ወደሚባል ሆርሞን ይቀይራል። የግንባርና የአናት ፀጉር ሥሮች ይህን ሆርሞን በተፈጥሯቸው የማይችሉ ከሆነ፣ በየዙሩ የሚያበቅሉት ፀጉር እየቀጠነና እያጠረ ይሄዳል። በመጨረሻ ጭራሽ አይታይም። ማጅራትና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ግን ብዙም አይነካም። ሙሉ በራ የሆነ ሰው ዙሪያውን ፀጉር የሚተርፈው ለዚህ ነው። ንቅለ ተከላም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ከማጅራት የተወሰደ ሥር ግንባር ላይ ሲተከል የማጅራት ጠባዩን ይዞ ይኖራል። ይህን በ1950ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳየው ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የቆዳ ሐኪም ነው።

ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነህ ገና ጊዜ አለህ። መድኃኒት የሚበረታው ያለውን ፀጉር በማቆየትና የቀጠነውን በማወፈር ላይ ነው። ልሙጥ ሆኖ ዓመታት የከረመ ቦታ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አይጣልበትም።

ጥያቄ፦ ሚኖክሲዲል 5 ፐርሰንት መቀባት ከጀመርኩ አንድ ወር ሆነኝ። ፀጉሬ ጭራሽ ባሰበት፣ ትራሴ ላይ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ላቁመው?

አታቁም። ብዙ ሰው የሚተወው ልክ አንተ ያለህበት ቦታ ሲደርስ ነው፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲበዛባቸው ነው ወደ ቅባትነት የዞረው። አሜሪካ ውስጥ ለፀጉር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። መድኃኒቱ ያረፉትን ሥሮች ቀስቅሶ አዲስ ፀጉር ያስጀምራቸዋል። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይገፋና ይወድቃል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል፣ ከዚያ ይረጋል።

የምትቀባው ፀጉሩን ሳይሆን ቆዳውን ነው። ራስህ ደረቅ ይሁን። 1 ሚሊ ሊትር፣ ጠዋትና ማታ። ከ4 እስከ 6 ወር ሳትሞላ አትፍረድበት። ደግሞ ይህን እያወቅህ ቀጥል፦ ስታቆመው ያተረፍከው ፀጉር በጥቂት ወራት ውስጥ ይሄዳል። ልብህ ከመታህ፣ ፊትህ ወይም እግርህ ካበጠ ግን አቁምና ሐኪም ጋር ሂድ። ቤትህ ድመት ካለች ጠርሙሱንም የተቀባህበትንም ትራስ አርቅላት፤ ትንሽ ጠብታ እንኳ ልትገድላት ትችላለች። እርጉዝና የምታጠባ ሴት ደግሞ አትጠቀመውም።

ጥያቄ፦ ለፕሮስቴት የሚሰጠውን ፊናስተራይድ 5 ሚሊ ግራም ገዝቼ፣ ለአራት እየከፈልኩ መዋጥ ጀምሬአለሁ። ጓደኛዬ ወንድነትህን ያጠፋዋል ብሎ አስፈራራኝ። ባለቤቴ የአምስት ወር እርጉዝ ናት።

መጀመሪያ ስለ ባለቤትህ። የተቆረጠውን ክኒንም ፍርፋሪውንም እንዳትነካ አድርግ። ፊናስተራይድ የሚሠራው ያን ዲኤችቲ የተባለ ሆርሞን በመቀነስ ነው፣ በቆዳም ሊገባ ይችላል፤ ፅንሱ ወንድ ከሆነ የብልቱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ያልተሰበረ ክኒን ሽፋን ስላለው ያን ያህል አያሰጋም። አንተ ግን እየቆረጥክ ነው፣ ዱቄቱ ጠረጴዛና ቢላዋ ላይ ይቀራል። ዛሬውኑ አንሳው። ለፀጉር የተሠራ የ1 ሚሊ ግራም ክኒን አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ሐኪምህ እሱን ያዝልህ።

ጓደኛህ ያለው ነገር ጨርሶ ውሸት አይደለም፣ ግን አጋኖታል። ጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል ወይም መቆም ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል፤ ካቆሙም በኋላ ቀጠለብን የሚሉ ሰዎች ግን አሉ። እኔ አጥብቄ የምነግርህ ስለ ስሜት ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብ የዚህ ክኒን የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን አረጋግጧል። ከዚህ በፊት ድብርት ይዞህ ከነበረ ለሐኪም ሳትነግር አትቀጥል። ስሜትህ ያለምክንያት ከጨለመብህ ደግሞ ያን ቀን አቁምና ሐኪምህን አናግር።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው። ኢስታንቡል ሆቴሉንም መኪናውንም ጨምሮ በአንድ ቀን 5 ሺህ ግራፍት እንተክላለን የሚል ክሊኒክ አገኘሁ። ገንዘቡን አጠራቅሜአለሁ። ልሂድ?

አሁን አትሂድ።

ማጅራትህ የማይሞላ ጎተራ ነው። አንዴ የወጣ ሥር ተመልሶ አይበቅልበትም። ግራፍት የሚባለው ከነሥሩ ወጥቶ የሚተከለው ትንሽ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ከአንድ እስከ አራት ፀጉር ይይዛል። አብዛኛው ሰው በዕድሜ ልኩ ሊያወጣ የሚችለው በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ነው። 5 ሺህ በአንድ ቀን ማለት ያለህን ከሞላ ጎደል በ23 ዓመትህ መጨረስ ማለት ነው። በራው ግን አልቆመም። የተተከለው ግንባርህ ላይ ይቆያል፣ ከኋላው ያለው የራስህ ፀጉር መሸሹን ይቀጥላል። 35 ሲሞላህ ፊት ለፊት አንድ መስመር ፀጉር፣ ከኋላው ባዶ ሜዳ ይሆናል። ያን ጊዜ ለመሙላት የሚወጣ ነገር ከማጅራትህ አይገኝም። ማጅራቱም ከመጠን በላይ ከተነቀለ ብል እንደበላው ጨርቅ ተበሳስቶ ይታያል።

ስለዚህ መጀመሪያ መድኃኒት ጀምርና ቢያንስ አንድ ዓመት እየው። መርገፉ ሲረጋ ስለ ንቅለ ተከላ እናወራለን።

ኢስታንቡል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በጣም ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። ችግሩ አንዳንድ ቦታ ሐኪሙ መስመር አስምሮ ይወጣና የቀረውን ሙሉ ቀን ሌላ ሰው ይሠራዋል። ዓለም አቀፉ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ይህን የሚቃወም ዘመቻ ከፍቶ ሰውን ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። የሚሄድ ሰው እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቅ። ቆዳዬን የሚበሳው ማን ነው፣ ስሙስ? በዚያ ቀን ስንት ሰው ትሠራላችሁ? እንደ እኔ ከርዳዳ ፀጉር ያለው ሰው የሠራችሁትን፣ ዓመት ከሞላው በኋላ የተነሳ ፎቶ አሳዩኝ። አገሬ ገብቼ ቢያመረቅዝ ማን ያየኛል? ማጅራትህን ሳያዩ በዋትስአፕ ፎቶ ብቻ የግራፍት ቁጥር ከነገሩህ፣ እኔ ብሆን ቀብድ አልከፍልም።

ውጤቱም ቶሎ አይመጣም። የተተከለው ፀጉር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረግፋል፤ ሥሩ ግን ውስጥ አለ። ከ3 ወይም 4 ወር በኋላ መብቀል ይጀምራል። ሙሉ መልኩ የሚታየው ዓመት አካባቢ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ፀጉር ከርዳዳ መሆኑ ለንቅለ ተከላ ያስቸግራል? ደረቴ ላይ የድሮ ቁስል አብጦ ቀርቷል።

ያስቸግራልም፣ ይጠቅማልም። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ በታችም ተጠምዝዞ ነው ያለው። ሐኪሙ መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ ካስገባው ሥሩን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ ሥር ደግሞ አይበቅልም። ሰፋ ያለ መብሻና ቀስ ያለ እጅ ይፈልጋል። በሌላ በኩል አንድ ከርዳዳ ፀጉር ብዙ ቆዳ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሉጫ ፀጉር ካለው ሰው ያነሰ ግራፍት ሊበቃህ ይችላል።

ደረትህ ላይ ያለው ግን ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ያ ማለት ቁስል በሆነበት ሁሉ ቆዳህ ሊያብጥ ይችላል። ከመሠራትህ በፊት ለሐኪሙ አሳየው። ጠንቃቃ ሐኪም መጀመሪያ ጥቂት ግራፍት ብቻ ሞክሮ፣ ወራት ጠብቆ ነው የሚወስነው። "ምንም አትሆንም፣ ነገ እንጀምር" ያለህን ትተህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ሹሩባ እሠራለሁ፣ አሁን ደግሞ ሂውማን ሄር እሰፋለሁ። ግራና ቀኝ ጆሮዬ በላይ ያለው ጫፉ ሄዷል። የጉሎ ዘይት እየቀባሁ ነው። ይመለሳል?

እህቴ፣ ዘይቱን ሳይሆን መጎተቱን እናስብ። ሥሩ በየቀኑ እየተሳበ ዘይት ቢቀባበት አያድነውም። ጫፉ ላይ ቀጫጭን ፀጉሮች ተርፈው ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። መጎተቱን ካቆምሽ በወራት ውስጥ ብዙው ሊመለስ ይችላል፤ ሐኪም ሚኖክሲዲል ወይም መርፌ ሊጨምርልሽ ይችላል። ቆዳው ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኗል። ያኔ የሚቀረው ንቅለ ተከላ ነው። እሱም የሚሠራው አጥብቆ መሠራትን ለተወች ሴት ብቻ ነው፣ አለዚያ የተተከለውም ይነቀላል።

ስትሠሪ ካመመሽ ጠብቋል። ማታ ራስ ምታት የሚሰጥ፣ ጫፉ ላይ ብጉር የሚያወጣ ሹሩባ ይፈታ። "ይላላልሽ" የምትል ሠሪን አትስሚ፤ እስኪላላ ድረስ ሥሩ ይጎዳል። ኬሚካል የገባበት ፀጉር ላይ መስፋት ደግሞ የባሰ ነው። ሴት ልጆች ያላችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ለትምህርት ቤት ብላችሁ የልጆቹን ግንባር አትወጥሩት።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ጫፉ ደህና ነው፣ መሃል አናቴ ነው ክብ ሆኖ የሳሳው። አንዳንዴ ያቃጥለኛል። 38 ዓመቴ ነው።

ከሁሉም ጥያቄ ያስጨነቀኝ የአንቺ ነው። ከአናት መሃል ተነስቶ ወደ ዙሪያ የሚሰፋ፣ በተለይ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸውን ሴቶች የሚይዝ በሽታ አለ። የፀጉሩን ሥር አቃጥሎ ወደ ጠባሳ ይቀይረዋል። የሞተውን ሥር የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ገና ያልሞተውን ግን ማዳን ይቻላል። ስለዚህ በዚህ ወር የቆዳ ሐኪም ጋር ድረሺ። አዲስ አበባ ካለሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው። ሐኪሙ ትንሽ ቆዳ ቆርጦ ለምርመራ ሊልክ ይችላል፣ አትፍሪው። ንቅለ ተከላ እንሥራልሽ የሚል ካለ እምቢ በይ። በሽታው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ጸጥ ሳይል የተተከለውን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ አራት ወሬ ነው። በእጄ ሙሉ ይወጣል።

ይመለሳል። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው አሁን በአንድ ላይ የሚወድቀው። ልጅሽ ዓመት እስኪሞላው ይስተካከላል። ታይፎይድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ኦፕሬሽን ያለፈበት ሰውም እንዲሁ ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ ይረግፍበታል። ዓመት አልፎት ካልቆመ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ይደረግልሽ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ከመጣሁ ፀጉሬ አለቀ። ሁሉም ሰው ውሃው ነው ይላል።

አንድ ነገር አድርጊ። የወደቀውን ፀጉር ጫፍ እዪው። ነጭ ነጥብ ካለው ከሥሩ ነው የወጣው። ከሌለው ተሰብሮ ነው። ውሃ ፀጉርን ሊያደርቅና ሊሰብር ይችላል፣ ከሥር መንቀሉ ግን አያሳምነኝም። ከሥር ከሆነ እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። በደንብ ትበያለሽ? ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ኪሎ ቀንሰሻል? የወር አበባሽ ብዙ ይፈስሻል? ጭንቀት፣ የምግብ ማነስና የብረት እጥረት ከውሃው ይልቅ ፀጉር ያረግፋሉ። ክሊኒክ የመሄድ ዕድል ስታገኚ ፌሪቲን የሚባለውን፣ የብረት ክምችትሽን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ጠይቂ። እርጥብ ፀጉር ጠቅልለሽ ሻሽ አትሰሪበት። እህቴ፣ ራስሽንም አደራ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ራሱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ተነቅሎ ይቀረፋል። ነጭ ሽንኩርት ቀባሁለት፣ ቆሰለ።

ሽንኩርቱን ተዪው፣ ቆዳውን አቃጥሎታል። ሲቀረፍና ሲያሳክክ አብዛኛውን ጊዜ ቆረቆር ነው፣ ፈንገስ ነው። ቅባት ብቻውን ሥሩ ውስጥ አይገባም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ግሪሶፉልቪን ለሳምንታት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ቶሎ ዳነ ብለሽ አታቋርጪ። የእህት ወንድሞቹም ራስ ይታይ፣ ማበጠሪያና ኮፍያ አይዋዋሱ።

ቆዳው ሳይቀረፍ ልስልስ ብሎ ክብ ሆኖ የተነቀለ ከሆነ ላሽ ነው። እሱ ፈንገስ አይደለም፣ አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ የገዛ ፀጉሩን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል፣ ለአዋቂ መርፌም አለ።

ጥያቄ፦ ቅቤ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እሬት፣ ባዮቲን። የትኛው ያበቅላል?

ቅቤ ደረቅ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ መሰበርን ይቀንሳል። እኔም እወደዋለሁ። በራ ላይ ግን አያበቅልም። ፎረፎር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ያብሳል። ጥቁር አዝሙድና እሬትም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ባዮቲን የሚጠቅመው እጥረቱ ላለበት ነው፣ ያ ደግሞ ብርቅ ነው። በብዛት የሚወስድ ሰው የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራው ሊሳሳት ስለሚችል ለላቦራቶሪው ይንገር።

ጥያቄ፦ ኮፍያ ፀጉር ይጨርሳል? መላጨትስ ያበዛዋል?

ሁለቱም አይደሉም።

ጥያቄ፦ እኔ 61 ዓመቴ ነው። ንቅለ ተከላ ለእኔ አለፈበት? ለፀጉሬ ፊናስተራይድ እወስዳለሁ።

አላለፈበትም፣ አባቴ። እንዲያውም ከ23 ዓመቱ ልጅ ይልቅ እርስዎ ይሻላሉ። በራዎ የት እንደሚቆም ታውቋል፣ ሐኪሙ በልኩ ማቀድ ይችላል። ስኳርና ግፊትዎ የተስተካከለ ይሁን። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ አስቀድመው ይንገሩት፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ። ሌላው፣ ፊናስተራይድ ፒኤስኤ የሚባለውን የፕሮስቴት ምርመራ ቁጥር በግማሽ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ቁጥሩን አይቶ "ደህና ነዎት" ሊልዎ ይችላል። ለምርመራ ሲሄዱ የክኒኑን ፓኬት በኪስዎ ይዘው ይሂዱና ያሳዩት።