ከአሜሪካ የተላከ ቫይታሚን ውስጥ ምን እንዳለ የት ይታያል?

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እርጉዝ ነኝ፣ አክስቴ ከአሜሪካ ቫይታሚን ልካልኛለች፣ የብልቃጡ ጽሑፍ ግን ተፋፍቋል፣ ይዘቱን ከየት ላግኝ ብለሻል። እዚሁ ሐዋሳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ዓይነት ብልቃጥ ይዞ የሚመጣ ብዙ ሰው አያለሁ።

አሜሪካኖቹ ለዚህ ዲኤስኤልዲ (DSLD) የሚባል ነፃ ዳታቤዝ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የሚፈለግበት የመረጃ ቋት፣ አላቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። የሚያስተዳድረው የመንግሥታቸው የጤና ምርምር ተቋም ነው። ከ200 ሺህ በላይ ምርቶች ሌብል (ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ) አለበት፣ ከገበያ የወጡትም ጭምር። የምርቱን ስም ጽፈሽ ፈልጊ፤ ስሙ የሚመሳሰል ብዙ ስለሆነ የባርኮዱን ቁጥር አስተያዪ።

ስታገኚው መጀመሪያ መጠኑ ለስንት ፍሬ እንደተጻፈ እዪ። አንዳንዱ የሁለት ፍሬ ድምር ነው። ከዚያ ቫይታሚን ኤ ላይ ቆም በዪ። ሬቲኒል ፓልሚቴት ወይም ሬቲኒል አሲቴት ካለ፣ ያ ሬቲኖል ነው። ሬቲኖል በእርግዝና ጊዜ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል። ለአዋቂ ሴት የቀን ጣሪያው 3,000 ማይክሮግራም ነው። ቤታ ካሮቲን፣ ማለትም ካሮት ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ይህ ስጋት የለበትም። አክስትሽ የዓሣ ጉበት ዘይትም ልካ ከሆነ እሱም ሬቲኖል ስላለው አብሮ ይደመራል።

ብረቱም አለ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ብቻውን 60 ሚሊግራም ብረት አለው። የተላከልሽም ብረት ካለበት ደርበሽ ከመዋጥሽ በፊት አዋላጇን አማክሪ። የውጭ ስለመጣ ብለሽ የጤና ጣቢያውን እንዳታቋርጪ፣ አደራ።

ይህን ግን በደንብ ያዢልኝ፦ ዲኤስኤልዲ ላይ ያለው አምራቹ ሌብሉ ላይ የጻፈው ነው። ተመርምሮ የተረጋገጠ አይደለም። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ሕግ መሠረት ሰፕልመንት፣ ማለትም እንደ ቫይታሚን ያለ ተጨማሪ ምግብ፣ እንደ መድኃኒት ቅድመ ፈቃድ ሳያስፈልገው ይሸጣል። ላብራቶሪ የለካውን የያዘው ዲኤስአይዲ (DSID) የሚባል ሌላ ዳታቤዝ ነው። እሱ ደግሞ የብራንድ ስም አይጠቅስም፣ አማካይ ግምት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ የዩኤስፒ (USP)፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ጥራት ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ ማረጋገጫ ምልክት ካለ እኔ የተሻለ አምነዋለሁ። ዕፅዋት ተደባልቀው የእያንዳንዱ መጠን ያልተጻፈበትን ግን ለእርጉዝ አልመክርም።

የማብቂያ ቀኑም ከጽሑፉ ጋር ከተፋፋቀ አትውሰጂው። ያንን የትኛውም ዳታቤዝ አይነግርሽም።