ልጆቻችሁን በአማርኛ ተቆጡ

እዚህ አሜሪካ 27 ዓመቴ ነው። አዲስ የሚመጣው ሁሉ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ማየት ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ወረቀት። ጠበቃ ያዙ፣ ቀጠሮ አታሳልፉ፣ አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቁ። አለቀ።

2. እንግሊዝኛ። አስር ዓመት ታክሲ ነድቶ «እንግሊዝኛዬ አይረባም» ለሚለኝ ሰው የካርል ሹርዝን ታሪክ እነግረዋለሁ። በ1829 ኮሎኝ አጠገብ የተወለደ ጀርመናዊ ነው። በ1848ቱ የጀርመን አብዮት ተሰልፎ ወገኖቹ ሲሸነፉ ከራሽታት ምሽግ በፍሳሽ ቦይ ሾልኮ አመለጠ። አርፎም አልተቀመጠ፤ በ1850 በድብቅ ተመልሶ መምህሩን ኪንክልን ከሽፓንዳው እስር ቤት አስወጣ። በ1852 አሜሪካ ሲገባ እንግሊዝኛው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጋዜጣ ይዞ ተቀመጠ፤ ማስታወቂያው ሳይቀር አነበበ። በ1860 ለሊንከን ምርጫ እየዞረ ንግግር ያደርግ ነበር። ቀጥሎ በስፔን የአሜሪካ መልእክተኛ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ጄኔራል፣ በ1869 ደግሞ የሚዙሪ ሴናተር ሆነ፤ ጀርመን ተወልዶ ሴናተር የሆነ የመጀመሪያው ሰው ነው። እናንተ ደግሞ ስልካችሁን ስትጎረጉሩ ታመሻላችሁ።

3. ልጆች። ይኼ ሰው አደባባይ ላይ በእንግሊዝኛ ሕዝብ ያንቀጠቅጥ እንጂ ቤቱ ጀርመንኛ ነበር። ሚስቱ ማርጋሬተ በ1856 ዊስኮንሲን፣ ዋተርታውን ላይ ለልጇና ለጥቂት ዘመድ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ይባላል፤ ቋንቋው ጀርመንኛ ነው። ሹርዝ ሸምግሎ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍም የልጅነቱን ክፍል በጀርመንኛ ጻፈው። እዚያው ዊስኮንሲን፣ በ1889 ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ሲወጣ ጀርመኖቹ አገረ ገዢውን በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ጣሉት። እኛ ለፓርኪንግ ቅጣት እንኳ አቤት አንልም።

ግን ሹርዝን መልአክ አላደርገውም። ከ1877 እስከ 1881 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ የቀይ ሕንዶቹ ጉዳይ በእጁ ነበር። በ1879 ፔንሲልቬኒያ፣ ካርላይል ላይ ለልጆቻቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት ፈቃዱን የሰጠው እሱ ነው። እዚያ የገቡ ልጆች ጸጉራቸው ተቆረጠ፣ በናታቸው ቋንቋ እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ለልጁ ጀርመንኛ የሳሳ ሰው ለሰው ልጅ አልሳሳም።

እነዚያን ልጆች የከለከላቸው መንግሥት ነው። የኔን ልጅ ግን ማን ከለከላት? እኔው ነኝ! አንዲት አስተማሪ «ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ያደናግራታል» ብትለኝ አመንኳት። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ልጄ እንደ ፈረንጅ ስታወራ እንግዳ ፊት አስወራት ነበር። እናቴ በየእሁዱ ትደውላለች። «እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት? በላሽ? ትምህርትሽን በርትተሻል?» ልጅቷ መልሷ «እሺ» ነው። አንድ ቀን እናቴ «እሺ ብቻ ነው እንዴ ያስተማርካት?» ብላኝ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስትሞት ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ለቅሶተኛው የሚለውን አንዱንም አልሰማችም።

ስለዚህ ተቆጧቸው፣ አቆላምጧቸው፣ ተረት ንገሯቸው፤ በአማርኛ ይሁን እንጂ። በእንግሊዝኛ ቢመልሱላችሁም እናንተ አትቀይሩ። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ፊደል ማስቆጠር ብቻውን አይበቃም፤ እየነዳችሁ ስትመለሱ የምታወሩት ምንድን ነው?

4. ስለ ገንዘብ መላክ ልጽፍ ነበር፤ ይቆየኝ።

ልጄ አሁን 24 ዓመቷ ነው። በራሷ ገንዘብ አማርኛ መማር ጀምራለች። ባለፈው እሁድ ደውላ «እንዴት አደርሽ አባዬ» አለችኝ። «አደርሽ»ን ከማን እንደሰማችው ስለማውቅ አላረምኳትም።