በ4,000 ድርሃም ዱባይ ይሻላል ወይስ ሻርጃ?

ወንድሜ፣ «በወር 4,000 ድርሃም ይዤ ዱባይ ልከራይ ወይስ ሻርጃ?» ላልከው፣ ወሳኙ የሥራ ቦታህ ነው። ሥራው ሻርጃ ከሆነ እዚያው ኑር፣ አለቀ። ዱባይ ከሆነ ግን ኪራይ ረከሰ ብለህ ብቻ ሻርጃ አትግባ። የዱባይ የከተማ ባቡር፣ ሜትሮው፣ እዚያ አይደርስም። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የአል ኢቲሃድ መንገድ የጠዋትና የማታ መጨናነቅ ደግሞ አያድርስ ነው! በኪራይ ያተረፍከውን በእንቅልፍህ ትከፍለዋለህ።

እኔ ብሆን ዱባይ ውስጥ ዴይራ ሰፈር አካባቢ፣ ከሜትሮ ጣቢያ በእግር የሚደረስ የጋራ ክፍል ነው የምፈልገው። ሁሉንም ዞን የሚያካትተው የኖል (የዱባይ የትራንስፖርት ካርድ) የወር ማለፊያ 350 ድርሃም ነው።

ሙሉ ቤት ለብቻህ? በዚህ ደሞዝ እርሳው። የዓመቱን ኪራይ በጥቂት ቼኮች ቀድመህ ነው የምትጽፈው። ለመብራትና ውሃ 2,000 ድርሃም ማስያዣ አለ። ከዓመት ኪራዩ 5 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያም በየወሩ ተከፋፍሎ ከመብራት ሒሳቡ ጋር ይመጣል።

በጋራ ክፍል ውስጥ አልጋ ስትከራይም «መብራት፣ ውሃ፣ ኤሲ፣ ዋይፋይ ገብቶበታል?» ብለህ ጠይቅ። በሐምሌ ኤሲ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሠራው፤ ሒሳቡ ሲመጣ ክፍሉ ሁሉ ይኮራረፋል። ስምህ በቤቱ ነዋሪነት መመዝገቡንም አረጋግጥ።

ምግቡ አያስፈራም። ሩዝ፣ ምስርና ሽንኩርት ከህንዶቹ ሱቅ ገዝተህ አብስል። በየቀኑ እንጀራ ከሬስቶራንት ካልክ ግን ኪስህ አይችለውም። የደሞዝ ግብር ስለሌለ 4,000ው ሙሉውን እጅህ ይገባል።